ማንም ብቻውን አይሰርዝም

ኅዳር 6

አለልኝ ሞቷል። ወንድሜ።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

ኅዳር 10

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር ደብተሬን አላወጣሁም። አሁን የመጨረሻዎቹም ሄዱ። ልጄ ገነት ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። የእሷ ልጅ ኤሊ ተኝታለች።

እንዴት እንደሰማሁ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ያንቀኛል። እዚህ በሰው አገር፣ ሮበርት ስትሪት በሚሉት መንገድ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኬን አውጥቼ የዕድራችንን ግሩፕ ከፈትኩ። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ። አምና ቢሆን አይቼ እዘጋው ነበር፤ ማታ ገነት ታነብልኛለች። ዘንድሮ ግን ፊደል ቆጥሬአለሁ። በስተርጅና፣ በቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ ከሕፃናት ጋር፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካበት ወንበር ላይ ተቀምጬ። ይህን ደብተርም መምህሯ ናት "እጅዎ እንዲፍታታ" ብላ የሰጠችኝ። እናም በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። "ነፍስ ይማር" የሚለውን አወጣሁት። ደስ አለኝ እንኳ፤ ያለማንም እርዳታ ስላወጣሁት። ከዚያ ስሙን አነበብኩ። የአባቱን ስም አነበብኩ። የአባቱ ስም የእኔም አባት ስም ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ከላይ ጀመርኩ። ተማሪ ነኝ፤ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ።

አልተሳሳትኩም።

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለሟች ቤተሰብ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳል። በሩን ሲከፍት ያውቀዋል፤ ግን ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ። እኔን የያዘኝ የአውቶቡስ ማቆሚያው ብረት ነው። እሱም ይቀዘቅዝ ነበር።

የለጠፈው ዮናስ ነው፤ የዕድሩን ግሩፕ የሚያስተዳድረው፣ ከባድ መኪና የሚነዳው ልጅ። ለቅሶ መጥቶ እጄን ሳመኝ።

"እትዬ ሮማን፣ ቀድመው የሰሙ መስሎኝ እኮ ነው። ከአዲስ አበባ ሲላክልኝ ዝም ብዬ ፖስት አደረግኩት" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ደግሞም ማንበብ የማይችሉ መስሎኝ።"

ይህችን ሁለተኛዋን ባይጨምራት ይሻለው ነበር።

ኅዳር 13

ለአለልኝ ልጽፍለት ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እየጀመርኩ እተወዋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ አልቆ ነበር፦ "አለልኝ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም።" ሌላውን ሳሳምር፣ ፊደሌን ሳስተካክል፣ ቀደመኝ።

አባታችን ሲሞት ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ትምህርት ቤት እንዳልሄድ የወሰነውም እሱ ነው። ክፉ አልነበረም። ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ብቻ አልጠየቀኝም። አንድ ቀን እንኳ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላለኝም።

ክፉ አልነበረም።

ኅዳር 19

ዛሬ አንዲት ልጅ መጣች፤ ቢሊሴ ትባላለች። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከኦሮሞ ማኅበረሰብ ማኅበር። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ሳትተኛ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ለቅሶ ልትደርስ መስሎኝ ወንበር ሰጠኋት። ለቅሶውን ደረሰችና፣ "እትዬ፣ የእርስዎ ነገር በእኛም ቤት ደርሷል" አለችኝ። አክስቷ የልጇን ሞት ከስልክ ነው የሰማችው፤ ሥራ ላይ፣ ሰው መሀል።

ከዚያ አሳቧን ነገረችኝ። በዚህ ከተማ ትልልቅ ግሩፕ ያላቸው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ማኅበሩ፣ ወጣቶቹ፣ ጠበቃም፣ የስልኩን ግሩፕ ከሚያንቀሳቅሰው ኩባንያም ሰው። በኢንተርኔት ላይ የሰው መብት የሚጠበቅበትን ደንብ አብረው ይጻፉ።

መብት ስትል ሳቄ መጣ። "ስልክ ውስጥ ምን መብት አለ?" አልኳት።

"ሰው ስልክ ውስጥ ይዋረዳል፤ አፉ ይዘጋል፤ እርስዎም መርዶ የሰሙት እዚያው ነው። መብቱ ብቻ ለምን ውጭ ይቀራል?"

"እንግዲያ ኩባንያው ራሱ ይሥራው።"

"ኩባንያው መርዶ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እትዬ። መንግሥት ዝጋ ቢባል ክፉውንም ደጉንም አንድ ላይ ይዘጋዋል። እኛ ብቻችንን ብንሠራው ደግሞ የሰው አፍ መሸበብ እንጀምራለን። አንዱ ሌላውን እያየው ካልሆነ ማንም አይታመንም። እኔም ጭምር።"

እኔም ጭምር ማለቷን ወደድኩት። ትልቅ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እመጣለሁ አልኳት። እውነቱን ለመጻፍ፣ የምሄደው የዮናስ እጅ ሲታሰር ለማየት ነው።

ኅዳር 27

ዌስት ሴንት ፖል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያዋሰን ክፍል። በዚህ በረዶ ማን ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሞላ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከኩባንያው የቀረበች አንዲት ሴትዮ አለች፤ ነጭ ናት፤ ከጀርባዋ የአበባ ማሰሮ ይታያል። ጠበቃዋ ከነፃ የሕግ አገልግሎት ናት፤ ወረቀት ይዛ ጥግ ተቀምጣለች።

ቢሊሴ አንድ ሕግ ብቻ አወጣች፦ ሁሉም አንዴ ሳይናገር ማንም ሁለቴ አይናገርም። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ሳህሉ ሁለት ሦስቴ ተነሣ። "ጋሽ ሳህሉ፣ ተራዎ ዞሮ ይመጣል" እያለች መልሳ አስቀመጠችው። አቶ ሳህሉን የሚያስቀምጥ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ሚስቱንም ጨምሮ። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ ራሷ ታዞረዋለች፤ ሰውየው የተናገረውን ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር። ስድብ ከሆነ ስድቡንም ታዞረዋለች። አንዱ ወጣት "ሽማግሌዎቹ ግሩፑን እንደ ርስት ይዘውታል" ሲል እንኳ አልዘለለችውም።

ተራዬ ደረሰ። የአውቶቡስ ማቆሚያውን ተናገርኩ። የስክሪኗ ሴትዮ አንገቷን ደፋች። ዮናስ ከሁሉ ኋላ ቆሞ ግድግዳውን ያያል።

አቶ ሳህሉ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገና ተራው ሲደርስ በእኔ ስም ረቂቅ አቀረበ፦ "ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ስለ ማንም ሰው ቤት ምንም ነገር አይለጠፍ።" ሰው አጨበጨበ። "የሮማነወርቅ አንቀጽ" ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ስሜ በፊደል ተጽፎ ከሩቅ አነበብኩት።

ታኅሣሥ 2

ኤሊ፦ "ግራንማ፣ ዩ አር ፌመስ።"

ምን ማለት እንደሆነ ገነትን ጠየቅኳት። "ታዋቂ ሆንሽ ትልሻለች" አለችኝ፤ ግን ፊቷ አልፈካም።

ታኅሣሥ 8

ቅዳሴ አልቆ አዳራሽ ሻይ እየጠጣሁ ከጀርባዬ አቶ ሳህሉ ሰው ሲያነጋግር ሰማሁት። "ደንቡ ይጽደቅ እንጂ የሮዳስም ጉዳይ ያኔ ያከትማል። እግዜር ይስጣት፣ ሮማነወርቅ መንገዱን ከፍታልናለች።" የሚያነጋግረው የእህቱን ልጅ አክሊልን ነው።

ሮዳስ የአክሊል ሚስት ናት። በመስከረም በስሟ፣ በገጿ ላይ ጽፋ ነበር፤ ያኔ ገነት ናት ያነበበችልኝ። "ባሌ ይመታኛል። ለሽማግሌ ብናገር ታገሺ ተባልኩ። ስለዚህ ለሁላችሁም እናገራለሁ።" ይኸው ነው፤ ሌላ የለበትም። ከዚያ የአክሊል ወዳጆች ተጠራርተው "ውሸታም ናት" እያሉ ለኩባንያው ሪፖርት አደረጉ። ገጿ ተዘጋ።

እኔ ምን አገባኝ። ገበና አደባባይ አይወጣም፤ ያደግኩት እንዲህ ነው። እኔም ብዙ ነገር ይዤ ኖሬአለሁ፤ ምን ሆንኩ?

ሻይዬን ጨርሼ ወጣሁ። አቶ ሳህሉ ሲያየኝ ብድግ ብሎ ካፖርቴን አለበሰኝ።

ታኅሣሥ 9

ክንዴ ይጠዘጥዘኛል። ብርድ ሲመጣ እንዲህ ያደርገኛል፤ የድሮ ስብራት ነው። ገነት ቅባት ስትቀባኝ ኤሊ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። እናትሽ ልጅ ሆና፣ ነፍስ ሳታውቅ፣ ከደረጃ ወድቄ ነው አልኳት፤ ለሐኪሙም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ገነት ቅባቱን ከደነችና፣ "እማዬ፣ የአባዬ ቤት ደረጃ አልነበረውም" አለችኝ። በቀስታ ነው ያለችው። ከዚያ ኤሊን ልታስተኛ ሄደች።

ልጆች ነገር ያምታታሉ።

ታኅሣሥ 18

ሁለተኛው ስብሰባ። ሮዳስ መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ ብትፈልግ ለመውጣት እንዲመቻት ይሆናል። አክሊል አልነበረም። አቶ ሳህሉ "ይህች ልጅ የማንን ወገን ወክላ ነው?" አለ።

ቢሊሴ፣ "ራሷን" አለችው። ከዚያ ወደ ሮዳስ ዞራ፣ "ደንቡ አንቺንም ይነካል። ስለ አንቺ ያለ አንቺ አንወስንም" አለቻት።

ሮዳስ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየች፤ የእኔን አንቀጽ። "ፈቃዱን ከማን ልጠይቅ?" አለች። "ቤተሰቤ እኮ እሱ ነው።"

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው" አለ አቶ ሳህሉ።

"ለእርስዎ ነበር የነገርኩት፣ ጋሽ ሳህሉ።"

ቢሊሴ ይህንንም አዞረችው፤ ወደ ኦሮምኛም፣ ወደ እንግሊዝኛም። በሦስት ቋንቋ ሲነገር አቶ ሳህሉ ሦስት ጊዜ ሲያቀረቅር አየሁት።

የኩባንያዋ ሴትዮ ገጹ የተዘጋው ብዙ ሰው ባንዴ ስለከሰሰ መሆኑን ተናገረች፤ መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው። እጄን አወጣሁ። "ማሽኑ አማርኛ ይችላል ወይ?" ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "በደንብ አይችልም" አለች። "ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።" ጥፋት በአደባባይ ማመን ለተራ ሰውም ይከብዳል፤ እሷ ደግሞ ደመወዟን የምታገኘው ከዚያው ነው። አከበርኳት።

ጠበቃዋ ይግባኝ አዘጋጅታለች፤ የሮዳስ ገጽ እንዲከፈት። ከየቤቱ ሰው ይፈርም ተባለ። የኦሮሞ ማኅበሩ ፈረመ። የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ፈረመ። ወጣቶቹ ፈረሙ። ዮናስ ፈረመ። አቶ ሳህሉ እጁን ኪሱ ከተተ። ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ።

"መጀመሪያ ላንብበው" አልኩ። እውነትም ነው፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ቢሊሴ ግን አየችኝ። "ይውሰዱት፣ እትዬ። ጊዜ አለዎት" አለችኝ።

ጊዜ አለዎት። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል የጀመርኩትን ሴት እንዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ታኅሣሥ 19

አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ቆየሁ። ጠበቃዋ "ሮዳስ የጻፈችው የራሷን ሕይወት ነው" ብላለች። የራሷን። ዮናስ የጻፈው የእኔን ነበር። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ለምን አልታየኝም? ሰሌዳው ላይ ስሜን ሳይ ሌላውን ማንበብ ትቼ ነበር።

ፈረምኩ። በጣት አሻራ አይደለም። የ"ወ" እግሯ ትንሽ ጠመመች።

ታኅሣሥ 26

የሮዳስ ገጽ ተከፈተ። ሰው አየው፤ ማሽን ሳይሆን ሰው። ቢሊሴ ደውላ ስትነግረኝ ከኋላዋ የሆስፒታሉ ማሽን ጲጵ ይላል።

አቶ ሳህሉም ደወለ። "ሮማነወርቅ፣ አንቀጽሽን እንዳትነኪ። ስምሽን ይዟል። የአለልኝም መታሰቢያ ነው።"

የጻፍከው አንተ ነህ ማለት ነበረብኝ። "እሺ፣ ደህና እደር" ነው ያልኩት። እንዲህ ነኝ። ቃሉ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጥር 4

ነገ ድምፅ ይሰጣል። ገነት ታደርሰኛለች። ምን እንደምል አላውቅም። ተናገሪ ብትለኝ እናገር ነበር፤ ቢሊሴ ግን አላለችኝም። እስከ አሁን ምንም አላለችኝም። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ጥር 5

ሁሉም ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አንቀጾቹ በየተራ ተነበቡ። የመጀመሪያው፦ ማንም ብቻውን አይሰርዝም፤ ከሁለት የተለያየ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ጽሑፍ አይነካም። ሁለተኛው፦ ጽሑፉ የተነሣበት ሰው ምክንያቱ ይነገረዋል። ሦስተኛው፦ ሰውየው ካልተስማማ ለጠረጴዛው ይግባኝ ይላል። እነዚህ ብዙም ሳያከራክሩ አለፉ። ከዚያ የሮማነወርቅ አንቀጽ ተባለ።

ተነሣሁ። ወንበሩን ያዝኩ።

"ይህ አንቀጽ ስሜን ይዟል፣ አሳቤን ግን አልያዘም" አልኩ። "እኔ የለመንኩት የመርዶ ነገር ነው። የሞተ ሰው ቤት ሳይረዳ ሞቱ አይለጠፍ። ይኸው ነው። ሬሳ ራሱ ስለ ራሱ አይናገርም፤ ስለዚህ ቤቱን እንጠብቃለን። በሕይወት ያለች ሴት ግን ስለ ገዛ ክንዷ ለመናገር ማንንም አታስፈቅድም።"

ስለ ፊቷ ልል ነበር። ለምን ክንዷ እንዳልኩ አላውቅም። ገነት በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ አየችኝ።

አቶ ሳህሉ ተራውን ሳይጠብቅ፣ "ወንድምሽን ረሳሽው ማለት ነው?" አለኝ።

"አልረሳሁትም። ወንድሜም ለእኔ ብቻውን ነበር የሚወስነው።"

ቢሊሴ አዞረችው። ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ያ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ዮናስ ነው። ከዚያ ክፍሉ ሞላ። አቶ ሳህሉ እጁን አላወጣም። ተቆጥሮ ሲያልቅ ግን ተነሥቶ፣ "አልተስማማሁም፤ ይጻፍልኝ" አለ። "ግን የተወሰነው በሁሉም ፊት ነው። ዕድሩ ይገባበታል።" ቂመኛ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም ይህን ሳልጽፍ አላልፍም፦ ተሸንፎ ጠረጴዛውን ያልገለበጠ ሽማግሌ በቀላሉ አይገኝም።

ከዚያ ጽሑፍ የሚያዩ ሰዎች ተመረጡ። ከዕድሩ በኩል ቢሊሴ የእኔን ስም ጠራች።

"እኔ እኮ እንደ ጉንዳን ነው የማነበው" አልኳት።

"ለዚህ ነው። ቶሎ የሚያነብ ቶሎ ይሰርዛል።"

አለልኝ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም።

ጥር 17

ሥራው እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዱ መኪና ይሸጣል፣ ሌላው መኪናው ጎማ የለውም ብሎ ይጽፍበታል። ሁለት ሰዎች ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ተጨቃጭቀው እስከ ሰባት ቤት ይሰዳደባሉ። በየቀኑ ዓይኔ እስኪደክም አነባለሁ። ኤሊ የፊደሉን መጠን አሳድጋልኛለች።

ዛሬ አንዱ እኔን ነካኝ። "ሀሁ ትናንት የቆጠረች አሮጊት ሳንሱር ሆነችብን" ብሎ። ይሰረዝ አልኩ። ቢሊሴ እምቢ አለች።

"ስድብ ነው እንጂ ጉዳት አይደለም፣ እትዬ።"

"የተሰደብኩት እኔ ነኝ።"

"አዎ። ለዚህ ነው እርስዎ የማይወስኑበት።"

ስልኩን ዘጋሁባት። ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፤ "ትክክል ነሽ" ብቻ ብዬ ዘጋሁ። ጽሑፉ እስከ አሁን እዚያው አለ። ከሥሩ ሮዳስ መልስ ጽፋለታለች፦ "ትናንት ቆጥራ ዛሬ ከአንተ የተሻለ ታነባለች።" ይህንንም አልሰረዝኩም።

የካቲት 3

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው።

የዮናስ እናት አዲስ አበባ አርፈዋል። እሱ ገና አልሰማም። መንገድ ላይ ነው፤ ከቺካጎ እየነዳ ነው። በዚህ በረዶ፣ በዚያ ትልቅ መኪና።

ጽሑፉ ግሩፑ ውስጥ ወጥቷል። አሁን፣ ዓይኔ እያየ። ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል። ዘመዱ ነው የለጠፈው። ስማቸውን አነበብኩ። የአባታቸውን ስም አላውቀውም ነበር፤ "የዮናስ እናት" የሚለው ላይ ደረስኩ።

ቢሊሴ ደወለች። "እትዬ፣ አይተውታል? እኔ ይነሣ ብዬ ተጭኛለሁ። የእርስዎ ቀርቷል።"

እጄ። ጓንት ያደረግኩ ይመስል አልታዘዝ አለኝ። ተጫንኩት። ጠፋ።

አይቶት ይሆን? መኪና እየነዳ ስልክ አያይም። አያይም።

ቆይቶ። ለዘመዱ ምክንያቱን መናገር አለብን፤ ደንቡ ነው። ራሴ ጻፍኩለት፦ "ልጁ መኪና እየነዳ ነው። ቤቱ ሲገባ እናረዳዋለን። ከዚያ ይለጠፋል።" "እናንተ እነማን ናችሁ?" ብሎ ተቆጣ። ቆይቶ ግን፦ "እሺ እትዬ፣ እጠብቃለሁ።"

የካቲት 5

ትናንት የሆነውን አሁን ነው የምጽፈው።

ቢሊሴ ለሁሉም ደውላ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወሬውን ያዘ። ወንጌላውያኑ ያዙ። የኦሮሞ ማኅበሩ ያዘ። ወጣቶቹ በየግሩፓቸው ዞረው ያዩትን ሁሉ ዝም በሉ አሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ ለስድብና ለሐሜት እንቅልፍ የሌለው፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አፉን ዘጋ። ማንም አላስገደደው። ስልኬን እየከፈትኩ አየው ነበር። የመኪና ሽያጭ። የአየር ሁኔታ። ስለ ዮናስ እናት አንድ ቃል የለም። እንዲህ የሚያምር ዝምታ አንብቤ አላውቅም።

አቶ ሳህሉ ለዮናስ ደውሎለት ነበር፤ ስለ ዕድሩ ድንኳን የሚጠይቀው አስመስሎ፣ የት እንደደረሰ ሊያውቅ። "ሲመሽ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤቱ ይገባል። ይተኛ፤ ድካሙን ይውጣ። ማልደን እንሄዳለን" አለን። በረቂቁ የተሸነፈው ሰው ደንቡን ሲያስከብር ዋለ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ላይ ቆምን፤ አቶ ሳህሉ፣ ቢሊሴ፣ እኔ፣ ሌሎችም። ሮዳስም መጣች፤ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። አቶ ሳህሉ አያትና ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣት።

ዮናስ በካልሲ ወጥቶ ከፈተ። አንዳችንን አየ፣ ሌላችንን አየ። እሱም ያን ጠረጴዛ ተቀምጦበታል፤ ሰው ለምን ማልዶ እንደሚመጣ ያውቃል።

"እናቴ ናት?" አለ።

አቶ ሳህሉ ቀድሞ ያዘው። እኔ በዚህ በኩል ያዝኩት። ከባድ ልጅ ነው፤ ክንዴ ታመመ፤ አልለቀቅኩትም።

ረፋድ ላይ ቤቱ በሰው ሲሞላ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። "እትዬ፣ አሁን ይለጠፍ። እርስዎ ይጻፉት" አለኝ። ሌላ ቢጽፈው ይፈጥን ነበር። ማንም አላጣደፈኝም። ከዘመዱ ስማቸውን ተቀብዬ ጻፍኩ፤ የቀብሩን ቀን ጻፍኩ፤ "ነፍስ ይማር" አልኩ። ቢሊሴ ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችውና ራሷን ነቀነቀች። ልጫነው ስል ዮናስ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ" አለ። "መጀመሪያ ያንብቡልኝ።"

ከጎኑ ተቀመጥኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ፣ አነበብኩለት።